የአራተኛ ፎቅ እርሻ

ርዝመቱ ክንድ ከስንዝር፣
ወርዱ አንድ መዳፍ ቢቆጠር፣
በሬ የማይዞርበት፣ ወሰን ገፊ የሌለው፣
ደሴ ላይ፣ አራተኛ ፎቅ፣ እርሻ አለኝ የምለው
ይኸው ይኼ ነው፤
የመስኮቴ ደፍ።

ጤና አዳም በቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣
በሶብላ አንገቱ በተቆረጠ የዘይት ጀሪካን፣
ጦስኝ እጀታው በወለቀ ድስት፤
ከጥግ ደግሞ፣ በተሰነጠቀ የሻይ ብርጭቆ፣ ኮሰረት፣
እህቴ ከኩታበር በእርጥብ ጋዜጣ ጠቅልላ የላከችው፣
ሥር ላውጣ አላውጣ እያለ የሚያመነታው።

ውሃ የሚመጣው ሐሙስ ሌሊት ነው፤ እሱም ከመጣ።
ቧንቧው ማሳል ሲጀምር እነሳለሁ፣ እንቅልፌን ላጣ።
እስከዚያው ምስር ያጠብሁበት፣
ሩዝ የዘፈዘፍሁበት፣
ለእነሱ ነው።
የእኔ ጥም አፍ አለው፣ ያጉረመርማል፤
የቅጠል ጥም ግን ዝም ብሎ አንገቱን ይደፋል።

ፀሐይ በሦስት ሰዓት ትገባለች።
አምስት ሳይሞላ የፊት ለፊቱ ሕንጻ ትከሻውን ሲያስገባ፣ ትወጣለች።
እኔም ጀሪካኑን ስንዝር በስንዝር ወደ ብርሃኑ እገፋለሁ።
ሠላሳ ዓመት መዝገብ ቤት፣ ፋይል ሳዟዙር ኖሬ፣
ጡረታ ወጣሁና ጥላ ሳባርር ዋልሁ ዛሬ።

መጋቢት ነበር፣ ከሰዓት በኋላ።
ጦሳ ነፋሱን ላከ፤ ነፋሱም ጦሱን ይዞ መጣ።
መጋረጃዬን ገለበ፤
ቆርቆሮውን በትከሻው ገፋ፤
ጤና አዳም ወደቀ።

አዳም ሲወድቅ መቼም የመጀመሪያው አይደለም፤
ከአራተኛ ፎቅ፣ ባጃጅ ጣሪያ ላይ ግን፣ ሰምቼ አላውቅም።

ቁልቁል አየሁ። ሸራው ተቀዷል።
ሹፌሩ አንገቱን አውጥቶ ሰማዩን ይራገማል፣
ሰማዩ እኔ መሆኔን ገና ሳያውቅ።

ኮቴውን በደረጃው ቆጠርሁ። ከፈትሁለት።
ቆርቆሮው በግራ እጁ ተጨማዷል፤
ሥሩ እንደ ሽማግሌ ጢም ተንዘርፍፏል፤
አንዲት ዘለላ ግን ጆሮው ላይ ሰክቷል፣
እንደ ሚዜ።

«አባባ፣ ሸራዬ!»
«ስንት?»
«አምስት መቶ።»
«ሦስት።»
በአራት መቶ ተለያየን፤ ማንም ማንንም አልመረቀ።
ጆሮው ላይ ያለችውን እኔ አልጠየቅሁም፤
እሱም የረሳት መሰለኝ።

ከታች ያለችው ጦይባ ማታ መጣች።
«ልጄ ቢሆንስ ኖሮ?» አለች።
መልስ አልነበረኝም።
ቅጠል ሰው አይገድልም፤ ቆርቆሮ ግን ይገድላል።
በማግሥቱ ሽቦ ገዛሁና የቀሩትን ከመስኮቱ ብረት ጋር አሰርኋቸው።
በሶብላው ሁለት ቀን አኮረፈኝ።
ቆርቆሮው የነበረበት ቦታ ላይ የዝገት ቀለበት ቀርቷል፤
በሎሚም፣ በአመድም አልለቅ ብሏል።

ግንቦት ላይ፣ ወደ ሰኞ ገበያ ስወርድ፣
የገባሁበት ባጃጅ ጣሪያው በሰማያዊ ክር ተጥፏል።
ከመስተዋቱ ሥር፣ ግማሹ በተቆረጠ የውሃ ላስቲክ፣
በሽቦ ታስሮ፣
ጤና አዳም!
ለምልሞ፣ በየጉድጓዱ ራሱን እየነቀነቀ፣
ጠረኑ ከቤንዚን ጋር እየተጨቃጨቀ።

ሙሄ ይባላል፤ ተሳፋሪ ሲጠራው ነው የሰማሁት።
አላወቀኝም። ወይም እንደማያውቀኝ ሆነ።
ስወርድ መቶ ብር ሰጠሁት፤
«አባባ፣ መልስ የለኝም» አለኝ።
ቅጠሉን አየሁት።
«ይሁን» አልሁ፣ «እኔ አግኝቻለሁ።»

ኮሰረቱ ትናንት ሥር አወጣ፤ አንድ ነጭ ክር፣
ብርጭቆውን እንደሚያነብ ሰው ጣት።
ዛሬ ሐሙስ ነው።
ባልዲውን አስጠግቻለሁ።