ቤት መምታት

አስፋልቱ የሚያልቅበት፣ ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣
የብሎክ መቶ አርባና የሽምብራው ማሳ መለያያ፣
ሜዳ አለችን። ሦስት ጥጓ ደልዳላ፣ አራተኛው ቦይ፤
ኳስ ሲገባ ሱሪዬን ጠቅልዬ እወርዳለሁ፤ ሌላ ማን አለ ወይ?

ዕቃችን ይኸው ነው፦ ጎኑ የጎደጎደ አንድ የአሉሚኒየም ዱላ፣
ከሞተረኛ የተዋስነው ሄልሜት፣ ሁሉም ራስ ላይ የሚላላ፣
ሁለት የዶማ እጀታ፣
በሲሚንቶ የቀለም ጣሳ ውስጥ የተተከለ የውሃ ቱቦ፣ ኳስ ማስቀመጫ።
ልጆቹ ኳሷን ስተው እሱን ሲሉት፣
«አቶ ቱቦ፣ ይቅርታ!»

ሰባት ዓመት ያስተማርኩት አንድ ነገር ነው፦
«ከላይ ወደ ታች! እንጨት እንደሚፈልጥ ሰው!
ክርንሽ ይውጣ! የኋላ እግርሽ ጉንዳን ይጨፍልቅ!»
እኔም ተምሬው ነው። የሦስት ቀን ሥልጠና፣ አበል ያለው፤
አሠልጣኙ ያለውን ጻፍኩ፣ የጻፍኩትን አልኩ፤ ማን ይጠይቀው?

ቅጽም አለኝ፣ በማስመሪያ ያሰመርኩት፦
አቋም ከአምስት፣ ዓይን ከአምስት፣ ዳሌ፣ እጅ፣ አጨራረስ።
ዓርብ ዓርብ እሞላዋለሁ፣ ከአንደኛዋ ልጅ እስከ መጨረሻዋ ድረስ።

ሌንሴ ለቅጽ አልተፈጠረችም።
ስትቆም ትዘነብላለች፣ ግድግዳ የጠፋባት ይመስል፤
ዱላውን ታወዛውዛለች፣ ዝንብ እንደምታባርር፤
ክርኗ ወርዶ ከጎኗ ተጣብቋል። ሁለት ከአምስት።
«ሽምብራ መውቃቱን እዚያው ማሳችሁ ላይ!» አልኳት አንድ ቀን።
ዝም አለች።
ዝምታዋን «ትሰማለች» ብዬ አንድ ነጥብ ጨመርኩላት።

ዓርብ ትርሲት ወረወረች።
የትርሲት ክንድ ዞሮ፣ ከጭኗ ሥር ኳስ ሲለቅ፣
ዓይን የሚይዘው የለም፤ ሽውታዋ ብቻ ነው የሚታወቅ።
ፍሬሰላም ሳተች።
ጽጌማርያም፣ ክርኗ በቅጹ ልክ፣ ሃያ ሦስት ከሃያ አምስት፣
ሳተች።
ሌንሴ፦ ጧ!

ኳሷ ቦዩን አልፋ፣ የተሰጣውን አንሶላ አልፋ፣
ሦስተኛ ፎቅ ገባች፣ መስታወት አራግፋ።
«ቲቸር!» አለች ትርሲት፣ «ቤት መታች!»
ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። ጠዋት የአማርኛ ክፍለ ጊዜ
ግጥም ነበር የተማሩት።
(እኔ ግን ይህን ስጽፍ ቤት ለመምታት ስንቴ ሳትኩ፤
ቅጽ የለውም እንጂ፣ ከሃያ አምስት ስንት ባገኘሁ።)

ለመስታወቱ ስምንት መቶ ብር ከደሞዜ ወጣ።
ማታ ስልኬን ከፈትኩ፤ ቀርጫቸው ነበር።
ምስሉን በጣቴ አቁሜ፣ ትንሽ ትንሽ ገፋሁት።
ይኸው መዘንበሏ፣ ይኸው ዝንቧ፣ ይኸው የጠላሁት ሁሉ።
ከዚያ ዳሌዋ ቀደመ፤ ዱላው ገና ኋላ ነው።
ዳሌዋ ደርሶ እጇን ጠራው።
ዱላው አልፈለጠም፤
በኳሷ መንገድ ገባ፣ ትንሽ ሽቅብ ብሎ፣
እንግዳ ደጅ ወጥቶ እንደሚቀበል ሰው።
ጉንዳንም አልሞተም፤ የኋላ እግሯ አፈሩን ለቆ ተንሳፏል።

የጽጌማርያምን አየሁ።
ያልኳትን ሁሉ አድርጋለች፣ አንድም ሳታጎድል።
ለዚህ ነው የሳተችው።

ሰባት ዓመት። ስንት ክርን?

ሰኞ ሌንሴን ለብቻ ጠራኋት።
«እንዴት አድርገሽ ነው የምትመቺው?»
ደነገጠች። «እርስዎ እንዳሉኝ ነው፣ ቲቸር።
ከላይ ወደ ታች። እንጨት እንደሚፈልጥ።»
ዓይኗ ውስጥ ውሸት የለም።

ቅጹ ላይ ሁለቷን ሰረዝኩ፤
በምትኳ የሚጻፍ ግን አጣሁ።
«እጀታውን አቀብይኝ» ብዬ ቆምኩ።
ትርሲት ወረወረች። ሳትኩ።
ደገመች። ነፋስ መታሁ።
ሌንሴ ከጎኔ ቆማ፣ ቀስ ብላ፣
«ክርንዎ ወጥቷል፣ ቲቸር» አለች።