ቀሪ

ከቤር ሸባ ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ከመጋዘኑ በር፣
ዝገት የበላው ሣጥን አለ፤ የማን እንደነበር
የሚያውቅ የለም። ጎኑ ላይ በነጭ ቀለም
262008449
ብቻ ይላል። ውስጡ ዕቃ የለም።
እኔ ግን ሌሊት ሌሊት እጠብቀዋለሁ፣
ባዶ እየጠበቅሁ ደሞዝ እበላለሁ።

ወገራ ሳለሁ ሒሳብ አስተማሪ ነበርኩ፣
ጠመኔ ሲያልቅብኝ በከሰል የጻፍኩ።
እዚህ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ላይ፣ እንቅልፍ ሲያዳፋኝ
ያ ቁጥር ከዝገቱ ወጥቶ አፈጠጠብኝ።
ጎዶሎ ነው፤ ሁለት አይደፍረውም።
አሃዞቹን ደመርኩ፣ ሠላሳ አምስት፤ ሦስት አይገባውም።
ሰባትን ሞከርኩ፤ ሦስት አተረፈ።
አሥራ አንድም ደጁን አንኳኩቶ አለፈ።

ጠዋት በአሥራ ሁለት አርካዲ ይረከበኛል፣
የካርኮቭ መሐንዲስ ነው፤ ሱፍ ይቆረጥማል፤
«ያየህይራድ» ምላሱ ላይ ተሰብሮ «ያያ» ይለኛል።
የሱ ዕብራይስጥ ስንዝር፣ የኔም ከዚያ አይበልጥ።
አንድ ቀን ከመዝገቡ ጀርባ ስሌቴን አይቶ ቀጥ
አለ። ብዕሬን ተቀበለና
አሥራ ሦስትን ጻፈ።

ከዚያ ወዲያ ተካፈልን፤ ሌሊቱ የኔ፣ ቀኑ የሱ፤
ብቸኛ ቁጥሮች ብቻ፣ በተራ፣ ሳይረሱ፤
አንድ እሱ፣ አንድ እኔ፣ ቀሪውን በቀይ እያሰመርን፣
ቋንቋ ያጎደለብንን በማካፈል ደመርን።

በሁለተኛው ክረምት፣ ዝናብ ቆርቆሮውን ሲቀጠቅጥ፣
የአርካዲን መሥመር አየሁ፣ ፋኖሴን ወደ ገጹ ሳስጠጋ፦
ለ3967 ሲካፈል፣ ድርሻ 66047፣
ቀሪ 4።

ሰባት ጊዜ ሰባት አርባ ዘጠኝ ነው።
የሣጥኑም ቁጥር ጫፉ ዘጠኝ ነው።
ታዲያ አራቱ በየት ገባ?
መሐንዲስ ሰባት ጊዜ ሰባት አይስትም።
ወረቀቱን ወደ መብራቱ ቀና አደረግሁት፤
ከአራቱ ሥር ዜሮዋ አለች፣
በደንብ ያልተፋቀች።

ምንም አላልኩም። ከሥሩ የሚቀጥለውን ጻፍኩ፣
3989፤ ድርሻ 65682፣ ቀሪ 2951።
ይህኛው እውነት ነበር።

ሁለት ዓመት ከመንፈቅ እንዲህ ስንዋሽ ከረምን፣
ለተከፈተ በር ቁልፍ እየሞከርን።
አንዳንዴ ጠዋት መዝገቡን ሲቀበለኝ ያየኛል፤
ያውቅ ይሆን እንደማውቅ?
ሱፉን ይዘግናል፣ እፍኝ ይሰጠኛል።

ባለፈው ፋሲካ ዋዜማ አርካዲ አልመጣም።
ልብ ነው አሉ።
በምትኩ የመጣው ልጅ ከስልኩ ቀና አላለም፣
የሣጥኑን ቁጥር እስከ ዛሬ አላየም።

መዝገቡን ገልጬ ቆጠርኩ። አንድ ቀርታለች፤ 16183።
ከሷ ወዲያ ያለው ሲባዛ በራሱ
ከሣጥኑ ያልፋል፣ ፍለጋው እዚያ ነው መድረሻው።
እርሳሴን ቀረጽኩ። ቁጥሯን ጻፍኩ፣ መሥመሩን አሰመርኩ፣
ለድርሻውም ለቀሪውም ቦታውን ክፍት ተውኩ።
ተራው የኔ አይደለም።