ከድልድዩ ወዲህ፣ ከድልድዩ ወዲያ

ሁለት እግር አለኝ ተብሎ፣ ሁለት ዛፍ አይወጣም፤
ይህን የተረተው ሰው ግን፣ ቶልሚን መጥቶ አያውቅም፣
ከዝደንካ ጋር ተቀምጦ፣ ጫማ መርጦ አያውቅም።

ጫማ ሻጭ ነኝ እኔ፤ ሃያ ስድስት ዓመት
የሰው ፊት እየረሳሁ፣ ሶሉን ያስታወስኩበት።
ተረከዙ በውጪ ጎን ከተበላ፣ ሚርኮ ነው የባንኩ፤
የአውራ ጣቱ ጫፍ ከተቀደደ፣ ቄሱ ናቸው፣
ቁልቁለት ሲያዩ ልጅነት የሚመጣባቸው።

እሷ ማታ ገባች፤
ዝናቡ ሦስተኛ ቀኑን ይዟል፤
ጭቃ የጎረሰ ሶሏ ወለሌን ያንቋቋል።
«ወንዙ ጫማዬን ወሰደው» አለች።
እግሯን አየሁት። «የቱን?»
«የአስፋልቱን።»

ነገሩ እንዲህ ነው።
ዝደንካ የሌሊት ነርስ ናት፣ በአረጋውያን ቤት፤
ሲነጋ ሮጣ ነው የምትገባው፣ መኪና እያላት።
ሦስት ኪሎ ሜትር አስፋልት፣ ከሶቻ ወንዝ ጎን፤
ከድልድዩ ወዲያ ፒስታ፣ ከፒስታው ወዲያ ኮረኮንች፣
ከዚያ ጫካው፣
ሥሩ እንደ ሽማግሌ እጅ ደም ሥር የተገተረበት፣
ከቅጠሉ በታች ጭቃ፣ ከጭቃው በታች
የረጠበ ድንጋይ አድፍጦ የተኛበት።

እናም አራት ዓመት ሙሉ፣ ጠዋትም ማታም፣
ድልድዩ ጫፍ ቁጭ ብላ ጫማ ትቀይራለች፤
ያወለቀችውን በፌስታል ጠቅልላ፣
እንደ ሌባ ከድንጋዩ ሥር ትሸሽጋለች።
ትናንት ሶቻ ሞላ።
ፌስታሉም፣ ድንጋዩም የሉም።

«ለምን አንድ ጫማ አትይዢም፣ ለሁለቱም የሚሆን?»
«የለም ስላሉኝ ነዋ።»
«ማነው ያለሽ?»
«አንተ።»

ዝም አልኩ። ያን ቀን ሁለት ጥንድ ሸጫለሁ ማለት ነው፤
ፊቷን ረስቼ፣ ገንዘቡን ቆጥሬ።

ሦስት ሳጥን አወረድኩ።
አንዱ ጥርሰ ረጅም፤ ጭቃውን ይነክሳል፣
አስፋልት ላይ ሲወጣ ግን ጥርሱን ያፋጫል።
አንዱ ስፖንጅ ነው፣ አስፋልቱን ያባብላል፣
እርጥብ ሥር ሲያገኝ ግን ወዳጅነቱን ይክዳል።
ሦስተኛውን በእጄ አጠፍኩት፣ ለቀቅኩት፤
ከፊቱ ይታዘዛል፣ ወገቡ ግን እምቢ ይላል፤
ጥርሱ የሕፃን ጥርስ ነው፣ ገና ብቅ ያለ።
«እውነቱን ልንገርሽ» አልኩ፣ «ይሄ የትም አንደኛ አይወጣም፤
አስፋልቱ ላይ ትንሽ ይጮኻል፣
ጥልቅ ጭቃ ውስጥ ትንሽ ይንሸራተታል፤
የትም ግን አይጥልሽም።»
«ባሌን ነው የምትነግረኝ» አለችና ክሩን አሰረች፤
ሳትከፍል፣ በሩን ሳትዘጋ፣ ዝናቡ ውስጥ ገባች።

ሰዓቴን አየሁ። መደርደሪያ ጠረግኩ። ሰዓቴን አየሁ።
ከሃያ አምስት ደቂቃ በኋላ፣ እስከ ጉልበቷ ቡኒ ሆና፣
«ግማሽ ቁጥር ጨምርልኝ» አለች፣
«ቁልቁለት ላይ አውራ ጣቴ ግድግዳ ያንኳኳል።»
«ይሄንንስ የለበሰ ጭቃ ማን ይገዛዋል?»
«አጥበህ ሽጠው።»
አጥቤዋለሁ። እስካሁን የገዛ የለም።

አንድ ነገር ሳልነግራት ቀርቻለሁ።
ቤቴ ድልድዩ አጠገብ ነው፣ መስኮቴ ወደ መንገዱ።
አራት ዓመት ሙሉ፣ ጎህ ሲቀድ፣ በተኛሁበት፣
ኮቴ ይመጣል፤ ለስላሳ፣ እኩል፤
ድልድዩ ጋ ሲደርስ ይቆማል።
ጥቂት ዝምታ።
ከዚያ ሌላ ኮቴ ይነሳል፣ ሸካራ፣ ጠጠር የሚያኝክ፣
ወደ ጫካው ይርቃል።
ሁለት ሰዎች ይመስሉኝ ነበር፣
አንዱ መጥቶ አንድ ነገር ለሌላው የሚያስረክብ፤
እንዴት አንድም ቀን አያረፍዱም እያልኩ
ብርድ ልብሱን ወደ ጆሮዬ የምስብ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ኮቴ ብቻ መጣ፤
ድልድዩ ላይ አልቆመም።
አስፋልቱ ላይ ትንሽ ይጮኻል።
ነግሬያታለሁ።