ስሙ የተፋቀ

ብርኖ ውስጥ፣ ከድልድዩ ማዶ፣ ካንዲት ሱቅ
መጣ መሰርሰሪያ፣ የስሙ ቦታ ፍቅፍቅ።
«ቻይና ነው» አለ ልጁ፣ «ከርካሹ ነው፣ ጣለው!»
ኦታካር በዝምታ ብሎኑን አላላው።

ኩሽኔታው ምንም አይል፤ የትም ይገዛል።
ግራሶው አርጅቶ እንደ ሰም ደርቋል።
የሽቦውን ቀለም በመነጽር አየ፤
ከጀርመን? ከፖላንድ? ምንም አልለየ።

ግራ ሲገባው ቆይቶ፣ ግራ ሆነ መልሱ፦
የሞተሩን ጥቅል ያሰረው ክር ራሱ
ወደ ግራ ዞሮ፣ ሁለቴ ተቋጥሮ።
ዝደንካ ናት። ግራኟ። ጎረቤቱ ድሮ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሞተር ጠቅልላ ኖራ፣
ጫማዋንም በዚህ ቋጠሮ አስራ
ትሄድ ነበር።

«አገሩስ ታዲያ የት ነው?» አለ ልጁ ቸኩሎ።
ኦታካር በመስኮት ጣቱን ወደዚያ አሹሎ፦
«እዛ፣ መኪናህን አሁን ባቆምክበት፤
ያኔ የሞተር ክፍሉ በር በነበረበት።»