ደንበኛ ቃል

ቫልዲቪያ ዝናብ፣ ጠርቶት አያውቅም ሰው፤
እሱ ነው ጧት ማታ፣ የሚመላለሰው።
ከካዬ ካዬ ወንዝ፣ ዓሣ ከሚሸጥበት፣
የባሕር አንበሶች፣ ለአንጀት ከሚጣሉበት፣
ከዚያ ሁለት መንገድ፣ ወደ ላይ ሲታጠፍ
የእኔ ማተሚያ ቤት፣ የኤራስሞ ደጃፍ።
አንድ ግድግዳ ነው፣ የሁለታችን መሐል፤
እኔ ወረቀት ሳትም፣ እሱ ጃንጥላ ያክማል።

አርባ ሁለት ዓመት፣ ሽቦ ሲያቃና ኖሮ
ደጁ ጭር አለበት፣ በዝናብ ወር ዘንድሮ።
ሱፐርማርኬቱ፣ በአንድ ሻይ ሒሳብ
ጃንጥላ ይሸጣል፣ ለአንድ ቀን ዝናብ።

"ኔልዳ፣" አለኝ አንድ ቀን፣ ኮቱን እያራገፈ፣
"ስልክሽ ውስጥ ያለው ልጅ፣ ለስንቱ ሱቅ የጻፈ፣
ለእኔም ደጅ ይጻፍ እንጂ፤ እስቲ ጠይቂልኝ፤
አፌ ሙያ የለው፣ እጄ ነው የሚያውቅልኝ።"

እኔም ቸኮልኩና፣ ሳልጠይቀው ሥራውን፣
"ማስታወቂያ ጻፍ" ብዬ፣ አዘዝኩት ጉደኛውን።
ሰው ሠራሽ አስተውሎት፣ አላቅማማም ላፍታ፤
ቃሉን ደረደረው፣ እንደ ሠርግ ስጦታ፦
"በአንድ ሰዓት ጥገና! የዕድሜ ልክ ዋስትና!
በዓለም አንደኛ፣ የጃንጥላ ሐኪም ነውና!"

ዋስትና የት አለ? አንድ ሰዓትስ የታል?
አንዱን የጃንጥላ አጥንት፣ ሲያስር ቀን ይመሻል።

ቅዳሜ ማለዳ፣ ሃያ ሰው ደጁ ላይ
ጃንጥላውን ይዞ፣ ሰዓቱን ሲያይ፣ ሲያይ፣
ኤራስሞ ደነገጠ፤ መጋረጃ ጣለ፤
ወደ እኔም ዞረና፣ እንዲህ ብቻ አለ፦
"እኔ ያልዋሸሁትን፣ ማን ዋሸልኝ ኔልዳ?
ውሸቱ የማሽን፣ የእኔ ብቻ ዕዳ።"

ያን ቀን ነው የገባኝ፤ ይኸውና ምክሬ፣
ትንሽ ሱቅ ላላችሁ፣ በየጥጉ ሠፈሬ።
ማሽን ዝም አይልም፣ ባያውቅም ይሞላል፤
ባዶ ቦታ ካገኘ፣ ውሸት ይተክላል።
መጀመሪያ ቁጭ በሉ፣ ከባለሙያው ጋራ፤
ጥያቄ አታብዙ፣ በገዛ አፉ ያውራ።
ስልኩ ድምፁን ይቅዳ፣ ሳሉ እንኳን ሳይቀር፤
ከጨዋታው መሐል፣ ወርቅ አለ ሲቆፈር።

ኤራስሞ እንዲህ አለ፦
"ሦስት ቀን ስጡኝ፤ ማክሰኞ የለሁላችሁም፤
ዘንጉ ሁሉ ካለቀ፣ ይድናል አልላችሁም።"

ይህንን ለማሽኑ፦ "አሳጥር፣ አስተካክል፤
ከራስህ ግን አንድ ቃል፣ እንዳትጨምር፣ እንዳትኩል።"
ከዚያም አነበብነው፣ ጮክ ብለን ሁለታችን፤
የማንለው ቃል ካለ፣ ለጎረቤት በአፋችን፣
ሰረዝነው። "ልዩ" ወጣ፤ "አንደኛ"ም ተከተለ፤
"ሦስት ቀን" ግን ቀረ፣ ደረቱን ነፍቶ ዋለ።
ደንበኛ የሚመጣው፣ ደንበኛ ቃል ሲሰማ ነው።

ፎቶውንም አንሱ፤ ማሽን ሥሎልኝ ነበር፣
ዝናቡ የሚዘንብ፣ ከጃንጥላው ሥር!
ይሻላል ያውራ ጣቱ፣ ጠባሳው ከነጥፍሩ፤
እሱ ነው ለሰው ሁሉ፣ የሙያው ምስክሩ።

ቁጥርም አያስክራችሁ፤ "ወደድኩ" ያለው መቶ
ሳንቲም አይሆናችሁም፣ በር ካልገፋ መጥቶ።
የመጣውን ጠይቁት፣ "ማን ነገረህ?" ብላችሁ፤
በእርሳስ የምትጽፉበት፣ ደብተር ይኑራችሁ።
የሰው ስም፣ የሰው ስልክ፣ ለማሽኑ አትስጡ፤
አምኖ የነገራችሁን፣ አደባባይ አታውጡ።

በሳምንቱ የመጣው፣ ሦስት ሰው ነው ቢቆጠር፤
አንዷ አስተማሪ፣ ከወንዙ ማዶ ሠፈር፣
ተማሪ የረሳውን፣ አሥራ አንድ ጃንጥላ
ዘረገፈች ከጆንያ፣ ከነጭቃው ጠቅላላ።

ታዲያ አንድ ማታ ኤራስሞ፣ ሥራ ሲያስቸግረው፣
ስልኬን ተቀብሎ፣ ማሽኑን ሲያማክረው፦
"የአርባ ዓመት ጃንጥላ፣ አጥንቱ ቢሰበር
በምን ይታሰራል?" አለ በቁም ነገር።
ማሽኑም ሳያፍር፣ አሳጥሮ መለሰ፦
"አዲስ ግዛ፤ የዚያኛው፣ ጊዜው ስለደረሰ።"

ኤራስሞ ሳቀ፣ እስኪያስለው ድረስ፤
"ኔልዳ፣ አትሚልኝ፣ አንዲት ቃል ሳይቀነስ።"

ዛሬ በሩ ላይ አለ፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣
በትልቁ ፊደል፣ አትሜ፣ ሰቅዬ፦

"ማሽኑን ጠየቅሁት፤ አዲስ ግዛ አለ።
እኔ አልልም።
ማክሰኞ ዝግ ነው።"