ማን ይልቀቅ?

ውች በምትባል ከተማ፣ ፖላንድ ውስጥ፣ ጥጥ ይፈተልበት በነበረ ፎቅ፣
ከሌሊቱ ዘጠኝ፣ እኔና ሰርቨሩ ተፋጠናል፤ ማንም ዓይኑን አይሰብር፣ ማንም አይስቅ።
የፈትል መኪናው ተሽጦ፣ ብሎኑ ቀርቷል ወለሉ ላይ ዝጎ፣
የወንበሬ እግር ከቀዳዳው ገብቶ ወደ ግራ ያዘነብለኛል ሰርጎ።
ያኔም ክር ነበረ የዚህ ቤት መተዳደሪያ፤
ዛሬም ክር ነው፣ ቀለም የሌለው፣ የሌለው መጠቅለያ።
ሁለት መቶ ክሮች ካንድ ጓዳ ይገባሉ፣ ይወጣሉ፣
አንዱ የጻፈውን ሌላው እንዳይሰርዝ ቁልፍ ይይዛሉ።

ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣
ሕዝቡ የባቡር ትኬት ሊቆርጥ ሲንጋጋ፣
ሰርቨሩ ቀጥ ይላል፤ ቀጥ እንዳለ ይነጋ።
አይወድቅም፣ አይጮህም፣ አይልም «አመመኝ»፤
ዕዳ እንዳለበት ሰው አይቶ እንዳላየኝ።
አለቃዬ ቪየስዋቫ በስልክ፣ «አጥፍተህ አብራው» አለችኝ።
አጠፋሁት። አበራሁት። ዳነ።
እስከ ሐሙስ።

ላጠምደው ብዬ በየደፉ ላይ አንዳንድ መስመር ተከልኩ፣
«እዚህ ደረስኩ» የሚል፣ «ቁልፍ ያዝኩ»፣ «ለቀቅኩ»።
ችግሩ ጠፋ።
መስመሩን ሳነሳው ተመልሶ ከፋ።
ምስክር ሲቆም ጨዋ፣ ምስክር ሲሄድ ሌባ፤
ለካ መጻፉ አዘግይቶት ነው፣ በቅጽበት ስባሪ እርምጃው የተዛባ።

ከኮሪደሩ ጫፍ ጠብ ሰማሁ።
ዘበኛው ሌሼክ የምድር ቤቱን ቁልፍ ይዟል፤
«ሳትፈርሚ አልሰጥም» ይላል።
ጠራጊዋ ሃሊና መዝገቡን ደረቷ ላይ አቅፋ፣
«ባለፈው ፈርሜ ቁልፍ አጣሁ፤ አልፈርምም» ትላለች በከፊል አኩርፋ።
ሁለቱም ትክክል፣ ሁለቱም ጨብጠው፣ ሁለቱም ጠባቂ፤
ባልዲው ቀዝቅዟል፣ አረፋው ከስሟል፣ የለም አስታራቂ።
እኛ «በሞቴ ቅደም» ተባብለን በር ላይ እንቀራለን፤
እነሱ በእልህ ቆሙ። ያው ነው። በሩ ምን ተዳዬ አለ፣ ማን ገባ ማን!

ሮጥኩ። ክሮቹን በቆሙበት ዘርዝሬ አነበብኩ።
አንዱ ሂሳቡን ቆልፎ ወንበሩን ይጠብቃል፤
አንዱ ወንበሩን ቆልፎ ሂሳቡን ይጠብቃል፤
መቶ ዘጠና ስምንቱ ከኋላ ተሰልፎ የሁለቱን ፍርድ ይጠብቃል።
ያንዱን ኮድ የጻፈ ማነው ብል፣ ያምና ስሜ አለበት፤
«ጊዜያዊ» የምትል ቃልም በጄ ተጽፋበት።
ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ፤
ተራ ያጣ እንደሆን ግን ድሮች ራሳቸውን ያስራሉ።

ሁለት መስመር አቀያየርኩ፦
መጀመሪያ ወንበር፣ ከዚያ ሂሳብ፤ ለሁሉም።
ይኸው ነው። ሦስት ሳምንት የፈጀብኝ ይኸው ነው፤ ሌላ የለም።

ስወጣ ወለሉ እርጥብ ነው፤
ሌሼክ ጋዜጣ ያነባል፣ መዝገቡ ከፊቱ ነው።
ማን ቀድሞ እንደለቀቀ አልጠየቅኩም።

ሐሙስ መጣ፣ አለፈ፤ ሌላም ሐሙስ እንደዚሁ።
ቪየስዋቫ «ተገላገልን» ብላ ጻፈች፤ አሜን አልኩ፣ ፈራሁ።
እስከ ዛሬ ሐሙስ ማታ ካፖርቴን ለብሼ አልወጣም ቶሎ፤
ድኖ ይሁን ተደብቆ፣ ምን ይታወቃል፣ ምስክር እስኪሄድ ብሎ።