የት ይደር?

አባቴ አሰግደው፣ ስንዴ ሲነግድ፣
በገበያ ዋዜማ ነበር ጋቢ ደርቦ የሚሄድ።
«ሚዛኑ ሥር ያደረ፣ ዋጋ ይሰማል ቀድሞ፤
ቤቱ ተኝቶ የመጣ፣ ይመለሳል ቃርሚያ ለቅሞ።»

እኔ ስንዴ የለኝም። የምነግደው ቁጥር፣
ሳልነካው የሚገዛ፣ ሳላየው የሚከመር።
በዩሮና በዶላር መሀል፣ አንዲት ቀጭን ክፍተት፣
እሷን የሚጠብቅ ፕሮግራም ጻፍኩ በሁለት ክረምት፤
አይደነግጥ፣ አይጓጓ፣ የለበት ድካም፣ የለበት ስስት።
ግን ዘብም ማደሪያ ይሻል።
የት ይደር?

እህቴ እቴነሽ፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካ ሒሳብ ሹም፣
ሳንቲም ሳትቆጥር እንኳን ገበያ፣ ደጅም አትወጣም።
«ጠባሴ ይደር፣» አለች፣ «በእናታችን ጓዳ፤
ቁሩ እንደሆን በነጻ ነው፣ ማቀዝቀዣ የለው ዕዳ።
ሌላ አገር ማሽን ሲግል በገንዘብ ነው የሚያበርዱት፤
እኛ መስኮቱን ገርበብ ነው፤ የኅዳር ንፋስ ይግባበት።»

ገዛሁ። ሁለት ዲስክ፣ አንዱ ቢሞት ሌላው ቋሚ፤
ሜሞሪው የገዛ ስህተቱን አራሚ።
ብዙ ኮር አልፈለግሁም፤ ዘቤ አንድ ሥራ ነው ያለው፤
አንድ ፈጣን እጅ ይበልጣል ከሠላሳ ዝግተኛ ሰው።
እና ባትሪ። ሻጩ «አርባ ደቂቃ» ብሎ የማለበት።
ሁለት ወር ሠራ። እናቴ፣ ከጀርባው በሚወጣው ሙቀት
ተደሰተች፤
ካልሲ አሰጣች።

የጥር ሐሙስ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ካለፈ፣
ዘቤ ገዝቶ እንደያዘ፣
ትራንስፎርመሩ አንዴ ጮኸና ዐረፈ።
አርባ ያሉት ባትሪ በአሥራ አንድ ደቂቃ አለቀ፤
ሞደሙ ዐይኑን ጨፈነ፤ ዋጋው ግን አልጠበቀ።
ሊሸጥ ሲል ተቋርጦ፣ እጁ እንደተዘረጋ፤
እኔም ስልኬን ይዤ ጣሪያ ላይ፣ ኔትወርክ ፍለጋ፣
እስኪነጋ።

«የዘጠኝ መንዝ በግ ዋጋ፣» አለች እቴነሽ ሒሳቡን አይታ፤
በቀይ እስክሪብቶ አስፍራ፣ ደብተሯን ዘጋች በእርጋታ።
አልተቆጣችም፤ እሱ ነው የከፋው።
በከተማችን ስም መቀለድ ይቻል ነበር፤
ትቼዋለሁ። ጥያቄው ያው ነው፤ የት ይደር?

ከጠባሴ እስከ ገበያው ደጃፍ፣ ደርሶ መልስ ስለካው፣
ሁለት መቶ አሥር ሚሊሰከንድ፤ ሲዘንብ ሦስት መቶ ነው።
ለሰው ምን አላት? ጥቅሻ ናት። ለዘቤ ግን ጣርማበርን
በጉም ቁልቁል ወርዶ፣ ደብረ ሲና ጠይቆ ዋጋውን፣
ሽቅብ በእግር እንደመመለስ ነው፤ እሱ እስኪደርስ ሌላው ሸጦ
ሄዷል፣ ሚዛኑን ገልብጦ።

አከራይ ፈለግሁ በባሕር ማዶ።
አንዱ ርካሽ ነው፤ አንድ ማሽን ለሃያ ሰው ያካፍላል፤
ጎረቤት ሲንጫጫ የኔ ዘብ ይደነቃቀፋል።
ሌላው ሙሉውን ይሰጣል፤ ዋጋው የሰማይ ሩቅ፤
ሦስተኛው «ከገበያው ጎን ነኝ» አለ፤ ስለካው አገኘሁት ራቅ።
ያኔ አሰግደው ትዝ አለኝ፤ ያ በረንዳ፣ ያደረበት፤
ቦታው ድንጋይ፣ ግን ሚዛኑ በክንድ የሚደረስበት።

«ጠባብ ይሁን፣» አለች እቴነሽ፣ «ጠባብ፣ ግን ከደጁ አጠገብ፤
ግማሹን እኔ አለሁበት፤ በየወሩ ደረሰኙን ላንብብ።»
በካርዱ ከፈለልን የአክስቴ ልጅ፣ ዱባይ ያለው፤
እሱም አሥር በመቶ ለራሱ ጨምሮ ነው።

አሁን ዘቤ ፍራንክፈርት ነው፤ ሁለት ሚሊሰከንድ፣ ወይ አንድ።
እኔ ጠባሴ ነኝ፤ መብራት ሲሄድ
ጣሪያ አልወጣም፤ ተገላብጬ እተኛለሁ፤
አንዳንዴ ግን በጨለማው፣ ዐይኔን ገልጬ እቆጥራለሁ።
ትርፉ? ገና ነው። ስድስቱ በግ ተመልሷል፤
ሦስቱ ከሜዳ ነው፤ ቀይ እስክሪብቶው ይጠብቃል።

የቤቱን ማሽን አልሸጥኩትም። በሳምንት አንዴ አስነሥቼ
ያለፈውን ዋጋ ያመነዥካል፤ አዲሱን ሕግ እፈትናለሁ ገብቼ፤
ከዚያ ዝም ይላል።
እናቴ ብቻ ቅር አላት። እጇን ወደ ጀርባው አስጠጋች፤
«ምነው በረደው?» ብላ፣ ያልደረቀ ካልሲ አነሣች።